የአየር ሽጉጥ በማን እጅ ይሁን?



ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ሩጫና ስለ ንባብ በእንደዚህ ያለ መጽሔት ላይ ብዙ ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ፣ ለአንዳንዶቻችሁም አስደንጋጭ ስለሚሆን፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ ግንባራችሁን እንዳትቋጥሩብኝ እለምናለሁ። ጉዳዩ የአየር ሽጉጥና የዒላማ ተኩስ ነው።

አሳቤን ሳልሸሽግ በቅድሚያ ልናገር። ዒላማ መተኮስ ለወጣት የሚገባ፣ አእምሮንም ሰውነትንም የሚገራ ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሽጉጡን ገዝቶ ቤት ማኖር ግን፣ የአየር እንኳ ቢሆን፣ በእኛ ሰፈር ለሚኖር ተማሪ አይገባም። ሁለቱ ነገሮች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በየቤቱ የሚነሣው ክርክር መቋጫ የሚያጣውም፣ ልጆች ሁለቱን በአንድነት ስለሚወዱ፣ ወላጆችም ሁለቱን በአንድነት ስለሚጠሉ ይመስለኛል።

ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ልግለጽ። የአየር ሽጉጥ ባሩድ የለውም። የታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ገፍቶ ያስወጣል። (እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው።) ለውድድር የሚሠራው ክብደቱ ከ1500 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቃታውም ከ500 ግራም ባነሰ ጫና እንዳይላቀቅ ተደንግጓል። ተኳሹ ከዒላማው 10 ሜትር ርቆ፣ ሽጉጡን በአንድ እጁ ብቻ ዘርግቶ ይቆማል። ዐሥር ነጥብ የሚያሰጠው መካከለኛው ክብ ወርዱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ማለት ነው። እስቲ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ከክፍላችሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ከ10 ሜትር ርቀት ተመልከቱት! በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ወደዚያች ቁልፍ ይተኮሳል። ጨዋታው ከኦሊምፒክ ውድድሮች ጋር የተቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ነበር።

በእኛ ዘንድ ወሬው የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በተደረገ ጊዜ ነው። የቱርኩ ዩሱፍ ዲኬች ተራ መነጽሩን እንዳደረገ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ለሽርሽር እንደ ወጣ ሰው ዘና ብሎ ቆሞ ሲተኩስ የተነሣው ፎቶግራፍ በየስልኩ ዞረ። እርሱና ሼቫል ኢላይዳ ታርሃን የተባለችው የቡድን ጓደኛው በወንድና ሴት ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳልያ ወሰዱ። ሰውዬው የ51 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በሴቶች የአየር ጠመንጃ ወርቁን የወሰደችው ኮሪያዊት ባን ህዮ ጂን ደግሞ ገና 16 ዓመቷ ነበር። የልጅ አባት ሊሆን የሚችል ሰውና ከእኛ በዕድሜ የምታንስ ልጅ በአንድ አዳራሽ ለሜዳልያ የሚቆሙበት ስፖርት ብዙ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ እጁን ኪሱ ከትቶ በእርሳስና በማስመሪያ ወደ ሰሌዳው የማያነጣጥር ልጅ በክፍላችን አልቀረም። እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው። «የት ይገዛል? ስንት ያወጣል?» ተባለ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮንን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ሰፈራችን ከቀበና ወንዝ ወዲያ ዳገቱን ይዞ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ፣ አጥራቸው ቆርቆሮ፣ የአንዱ ግቢ ጓሮ ለሌላው ደጅ የሆነ ነው። በዚህ ዓመት ከታችኛው መንደር አንድ ልጅ ከወዴት እንዳመጣው ያልታወቀ የአየር ሽጉጥ ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወፍ ሲያባርር፣ አንዲቱ ፍሬ አጥር ዘላ የጎረቤት እናት ልብስ የሚያጥቡበትን የፕላስቲክ ሳፋ ሰነጠቀች። እርሳቸው ከሳፋው አንድ ስንዝር ርቀው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገሩ በሽማግሌ ታየ፣ ሳፋው ተተካ፣ ሽጉጡም ከዚያ ወዲህ አልታየም። ስንዝሯ ግን ከአሳቤ አልጠፋችም።

«የአየር ነው፣ ምን ያደርጋል!» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እንግዲህ በፊዚክስ የተማርነውን እናስታውስ። ፍሬዋ ግማሽ ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከአፈሙዙ ስትወጣ በሴኮንድ 150 ሜትር ትሄዳለች እንበል። የክብደቷን እኩሌታ በፍጥነቷ ካሬ ብናበዛው 5.6 ጁል ያህል ይሆናል። ይህ አንድ ኪሎ ስኳር ከ57 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ኃይል ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ጉልበት ላይ ቢወድቅ ሰው «ወይኔ!» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል 4.5 ሚሊ ሜትር በሆነች ጫፍ ተሰብስቦ ዐይን ላይ ቢያርፍ ምን ይሆናል? መልሱን ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም።

ሌሎች አገሮች ይህን አውቀውታል። በጀርመን ኃይሉ እስከ 7.5 ጁል የሆነ የአየር ሽጉጥ ያለ ፈቃድ ይሸጣል፤ ዕድሜው 18 ላልሞላ ግን አይሸጥም። በስኮትላንድ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2016 መጨረሻ ጀምሮ የአየር መሣሪያ ያለ ፖሊስ ፈቃድ መያዝ ክልክል ሆኗል። በእኛም አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ማንም ተማሪ «ይህ መጫወቻ ነው፣ አዋጁ አይመለከተኝም» ብሎ በራሱ ግምት ከመተርጎሙ በፊት፣ ሄዶ ፖሊስን መጠየቅ ይገባዋል። ደግሞም የአየር ሽጉጥ መልኩ ቁርጥ ሽጉጥ ነው። ከመሸ በኋላ በመንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ ያንን ከብብቱ ሲያወጣ ያየ ዘበኛ ወይም ፖሊስ፣ በውስጡ ባሩድ መኖር አለመኖሩን የሚመረምርበት ጊዜ ከየት ያገኛል?

ጫካውስ? «እንጦጦ ሰፊ ነው፤ ከባሕር ዛፉ መካከል ገብቶ መተኮስ ማንን ይጎዳል?» የሚል አለ። እንጦጦ የዱሮው እንጦጦ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ የሚዝናናበት ቦታ ሆኗል። ሯጮቻችንም ገና ጎሕ ሲቀድ በዛፎቹ መካከል ይሮጣሉ፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ወፎቹስ ቢሆኑ የማን ናቸው? ማጅራቱ ነጭ የሆነው ያ ትልቁ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በግቢያችን የቆሻሻ መጣያ ላይ በየማለዳው ስለምናየው ብቻ ርካሽ መስሎን ይሆናል። በሕይወት ያለ ነገርን ለልምምድ መምታት ዒላማ ተኩስ አይባልም፤ ወፊቱ ውድድር አልገባችም።

ይህን ሁሉ ስል ተኩስን የጠላሁ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም እወደዋለሁ። በበዓል ሰሞን ከሚቆሙት ባዛሮች በአንዱ በአየር ጠመንጃ ፊኛ ከመታሁበት ቀን ጀምሮ ስለዚህ ጨዋታ ያላነበብሁት ነገር ጥቂት ነው። በጀርመን አገር ብዙ ዓመት የኖረው አጎቴም የአንድ ዒላማ ተኩስ ማኅበር አባል ስለ ነበረ፣ በመጣ ቁጥር በጥያቄ አደክመዋለሁ። ከነገረኝ ሁሉ እጅግ ያስደነቀኝ የዐይን ነገር ነው። የሰው ዐይን ቅርቡንና ሩቁን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ተኳሽ አጥርቶ የሚያየው ዒላማውን ሳይሆን በሽጉጡ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ ነው፤ ዒላማው ደብዝዞ ይታየዋል። ሁለተኛም፣ የተዘረጋ እጅ ፈጽሞ አይቆምም፤ በኦሊምፒክ የሚተኩሱትም እጃቸው ይዋልላል። ብልሃቱ እጅን ድንጋይ ማድረግ ሳይሆን፣ መዋለሉን ሳይፈሩ ቃታውን ቀስ አድርጎ መጭመቅ ነው። «አሁን መሃል ላይ ደረሰልኝ!» ብሎ በችኮላ የሳበ ሰው ይስታል። አበው «እጅ ደፋር ነው፣ ዐይን ፈሪ ነው» ይላሉ፤ በዚህ ጨዋታ ግን ሁለቱም ባይደፍሩም ባይፈሩም ይሻላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀን ጓደኞቼ፣ ይህ ትምህርት ለተኩስ ብቻ ይመስላችኋል?

የሚገርመው ነገር የዚህ ሁሉ ልምምድ እኩሌታ ሽጉጥ አያስፈልገውም። እኔ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በቀኝ እጄ ዘርግቼ፣ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁትን ጥቁር ክብ እያየሁ እቆማለሁ። ክብደቱ ከአየር ሽጉጥ ክብደት ብዙ አይርቅም። በመጀመሪያው ሳምንት 20 ሴኮንድ ሳይሞላ ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ደቂቃ አልፎኛል። እናቴ በበሩ ባለፈች ቁጥር «ይኼ ልጅ ጠርሙሱን የሚሰጠው ሰው አጣ?» ትላለች።

ታዲያ ሽጉጥን ቤት የማኖሩ ፍቅር ከወዴት መጣብን? ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከዚሁ ከተራራችን ይጀምራል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው እንጦጦ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1887 አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ፣ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሡ ሊሸጥ መጣ፤ ሒሳቡንም የተነጋገረው እዚሁ እንጦጦ ነው። ንግዱ ግን እንዳሰበው አላተረፈለትም። ያን ጊዜ ጠመንጃ የአገር ነጻነት መጠበቂያ ነበርና ከየአገሩ ይፈለግ ነበር። ውጅግራ የምንለው «ፉዚል ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ምንሽርም ከማንሊከር ስማቸውን ይዘው በቋንቋችን ቀሩ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የሰፈራችንም ስም ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኞች ከሰጡት ቦታ የመጣ ነው።

ጠመንጃው የዋለውን ውለታ አልክድም። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ የአገር ጋሻ የነበረው ነገር የሰው ጌጥ ሆነ። ባላገሩ በሬ ሸጦ ጠመንጃ ይገዛል፤ ሠርግ ሲሆን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ከሰማይ አይቀርም፤ አንድ ቦታ ይወርዳል። የመንዝ ሰው የነበረው አያቴ ምንሽሩን ከምሰሶው ላይ ሰቅሎ ይኖር ነበር፤ በሠርግ ግን አንድም ቀን አልተኮሰም ይባላል። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ጥይት እኮ ገንዘብ ነው» ይል ነበር። በእርግጥም በዱሮ ጊዜ ጥይት እንደ ገንዘብ በገበያ ይመነዘር ነበር። የአያቴ ቁጥብነት ከጨዋነት ይሁን ከስስት አላውቅም፤ ሆኖም አንዲት ጥይት ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ የሚጨነቅ ሰው መሆኑን እወድለታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እደርሳለሁ። ይህን አሳቤን ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ እናት ባጫወትኋቸው ጊዜ «ልጄ፣ ተኩስ የሚባለውን ቃል በእኔ ቤት አታንሣብኝ» አሉኝ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ በሆነው ጦርነት ወንድማቸውን ያጡ ሴት ናቸው። እኔ በዚህ ፊት የምናገረው ብዙ የለኝም። ዒላማ መተኮስ ሰላም ያመጣል ብዬ አልዋሽም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የተኩስ ፍቅር በልጆች ልብ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። በየስልካቸው በሚጫወቱት ጨዋታ በቀን ስንት ሰው «እንደሚገድሉ» ራሳቸው አይቈጥሩትም። በዚያ ጨዋታ የወደቀው ተነሥቶ ይሮጣል። በዒላማ ተኩስ አዳራሽ ግን የመጀመሪያው ትምህርት፣ አጎቴ እንደ ነገረኝ፣ አፈሙዝ ከዒላማው በቀር ወደ ሌላ ወደ ምንም ነገር እንዳይዞር ነው። ባዶ ቢሆንም፣ ለቀልድ ቢሆንም አይዞርም። የማይተኮስበት ሽጉጥ ባዶ መሆኑ ከሩቅ እንዲታወቅ በአፈሙዙ ውስጥ ደማቅ ቀለም ያለው ክር ይገባበታል። ወደ ጓደኛው ያዞረ ሰው ያን ዕለት ወደ ቤቱ ይሸኛል። እኚህን እናት ላሳምናቸው አልችልም፤ እርሳቸው ግን እኔን በአንድ ነገር አጽንተውኛል። ሽጉጥ የሚመስል ነገር እንደ እርሳቸው ያለ ሰው በሚኖርበት ግቢ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ሜዳልያዎቻችን ሁሉ ከሩጫ የመጡ በመሆናቸው ማነጣጠር የእኛ ስፖርት አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይህን የሚል ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላን ያስታውስ። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮም እንደ ገና ማራቶንን ያሸነፈው አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያ ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በጦርነት የቈሰሉ 16 ወታደሮችን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጦ በቀስት ዒላማ አስመትቶ ነበር፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው። አበበም በ1962 ዓ.ም. በዚያው ቦታ በተደረገው ጨዋታ በቀስት ዒላማ በመምታትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስት ሲስብ በአሳባችሁ ተመልከቱት። የሀንጋሪው ወታደር ካሮይ ታካችም እ.ኤ.አ. በ1938 ቦምብ ቀኝ እጁን ቢያጠፋበት፣ በግራው መተኮስ ተምሮ በ1948 እና በ1952 ኦሊምፒክ በሽጉጥ ሁለት ወርቅ አገኘ። እግር ኳስን እወዳለሁ፤ ነገር ግን በክፍላችን እግሩ የታመመ ልጅ ሁልጊዜ ከመስመር ውጭ ቆሞ ኳስ አቀባይ ሲሆን አያለሁ። ለእርሱ የሚሆን ጨዋታ በትምህርት ቤታችን የለም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። መሣሪያው የተማሪ ሳይሆን የማኅበር ይሁን። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረቱ ጉዳዩን ይመልከተው፤ ከፖሊስም ፈቃድ ሳይገኝ አንዲት ፍሬ እንኳ አትገዛ። ሁለት የአየር ሽጉጥ ለመላው ማኅበር ይበቃል። በብረት ሣጥን ተቈልፈው ቁልፉ በአንድ መምህር እጅ ይሁን፤ ወደ ቤት የሚወስድ አይኑር፣ የርእሰ መምህሩ ልጅ እንኳ ቢሆን። እርሳስ መርዝ ስለ ሆነ የተተኮሰው ይለቀም፤ እጅም ሳይታጠብ ምሳ አይበላ። ፈቃዱ ቢዘገይ በቀስት እንጀምር፤ እርሱም ቢዘገይ ውሃ የሞላው ጠርሙስ በየቤቱ አለ።

ቦታ የለም እንዳይባል፣ ባለፈው ቅዳሜ ከዘበኛው አስፈቅጄ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተ ጀርባ ያለውን አሮጌውን ዕቃ ቤት በሜትር ለክቼዋለሁ። ርዝመቱ 13 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ነው። በጫፉ ያለው ግድግዳ ድንጋይ ስለ ሆነ ፍሬዋ ተመልሳ እንዳትነጥር በፊቱ የአሸዋ ከረጢት መደርደር ያስፈልጋል። በቀኝ በኩል ወደ መጫወቻው ሜዳ የሚወጣ አንድ በር አለ፤ እርሱ በግንብ መዘጋት አለበት። በውስጡ ያሉትን የተሰበሩ ዴስኮች ለማውጣት ዐሥራ አንድ ልጆች ስማቸውን ሰጥተውኛል፤ ከእነርሱ አራቱ ሴቶች ናቸው።